ለወፍ የሚታረስ መሬት በምን ይታረስ?

ካቻምና ሐምሌ ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት በስተግራ፣ ወደ ጣና ዳር በሚወርደው የአባቴ ማሳ ውስጥ አንድ የተከራየሁት ትራክተር እስከ ኋላ ጎማው እምብርት ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ሦስት ዲስክ ያለው ማረሻ ከኋላው ተሸክሞ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እየሮጡ ተከትለውት ነበር። ሹፌሩ ማርሽ እየቀያየረ ወደፊትም ወደኋላም ሞከረ፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ግን ትራክተሩ መራመዱን ትቶ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር። ታላቅ ወንድሜ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከድንበሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና፣ ‹‹ለወፍ ነው ያልከኝ መስሎኝ፤ ለወፍ ምግብ ዝሆን ታመጣለህ?›› አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማረሻውን ፈትተን፣ ከጎማው ሥር የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድረን፣ ትራክተሩን ለማውጣት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀን። በዚያ ቀን የታረሰው ሦስት ትልም ብቻ ነው፤ ኪራዩን ግን የከፈልኩት በሙሉ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በወፎቹ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ፣ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች የሚፈለፈሉት ግራጫማ ክሬኖች ወደ ጣና ዙሪያ ይመጣሉ። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ አንገተ ረጃጅም፣ ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው የሚሰማ ወፎች ናቸው። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በየማሳው ይሰማራሉ፤ ሊመሽ ሲል ደግሞ በረድፍ በረድፍ ሆነው ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ። መጋቢት ሲገባ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ሄደዋል። እዚሁ ተፈልፍለው እዚሁ የሚኖሩም አሉ፤ በአናታቸው ላይ ወርቅማ አክሊል የመሰለ ላባ ያላቸው ጥቁር ዘውዳማ ክሬኖች፣ እነርሱም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡ ወፎች መካከል ተመዝግበዋል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት የፎገራ ረግረጎች ለሁለቱም ዓይነት የታወቁ መዋያና ማደሪያ ናቸው። ሆኖም የእርሻ መሬት ወደ ውስጥ እየገፋ፣ የመስኖ ፓምፕም ከዳር እየቀዳ፣ ረግረጎቹ በልጅነቴ ከማውቃቸው እጅግ ጠብበዋል።

የአባታችን መሬት ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት ጥማድ ናት። ጥማድ በእኛ አካባቢ የሄክታር ሩብ ያህል ነው፤ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው አንድ ጥንድ በሬ በቀን ውስጥ የሚያርሰው መሬት ማለት ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ መሬቷን ለዓመታት ያረሳት ወንድሜ ነው። ክሬኖች አዲስ የተዘራ ሽምብራ በምንቃራቸው እየቆፈሩ ሲያወጡ፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት ቀርተው በወንጭፍ ሲጠብቁ ባየሁ ጊዜ፣ ‹‹የእኔን ጥማድ ለወፎቹ ብንተዋትስ? እዚያ ከጠገቡ ሌላውን ይተዋሉ›› አልኩት። ወንድሜ ሐሳቡን አልናቀውም፤ ነገር ግን አንዱን ቃል አረመልኝ። ‹‹የተተወ መሬት የሚያበቅለው አረም ነው። ለወፍም ቢሆን የሚበላ ነገር ከፈለግህ ማረስ አለብህ። በምን እንደምታርስ ደግሞ አንተ ታውቃለህ።›› እኔ አውቃለሁ ብዬ የሄድኩበት መንገድ ከላይ የተረክሁት ነው።

ለዱር እንስሳት ተብሎ የሚዘራ ማሳ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ፣ ነጭ ጅራት የሚባለውን አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች በጫካ መካከል ከእኛ ጥማድ ከሚያንስ ጀምሮ እስከ ጥቂት ሄክታር የሚደርሱ ማሳዎችን ከፍተው ክሎቨር፣ አጃና የጎመን ዘመዶችን ይዘሩባቸዋል። ክሎቨር እኛ ማገጥ ከምንለው ወገን ነው። መሣሪያቸውም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር፣ ማለስለሻ ዲስክ፣ ዘር መበተኛ፣ ከዚያም ዘሩን ከአፈር ጋር የሚያጣብቅ ከባድ የብረት ሮለር። ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጨዋታው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከትራክተሩ ነው፤ የትኛው ይበረታል፣ የትኛው ዕቃ ይገጠምለታል፣ ስንት ሜትር ይሰፋል እየተባለ። እኔም ከዚያው ጀመርኩ። ዛሬ ቢሆን ከወፉ ምንቃር እጀምር ነበር፤ ወፉ የሚበላው ምንድን ነው፣ ያ እህል በስንት ጣት ጥልቀት ይበቅላል፣ አፈሩ ያን ጥልቀት መቼ ይፈቅዳል ብዬ ጠይቄ፣ ትራክተሩን መጨረሻ ላይ አመጣው ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው በሰሜን እስራኤል በሁላ ሸለቆ የሚደረገው ነው። እዚያ እነዚሁ ግራጫማ ክሬኖች በአስር ሺዎች እየሆኑ ይከርማሉ፤ የገበሬውን ኦቾሎኒ እንዳያበላሹ በተለየ ቦታ በቆሎ በትራክተር ይበተንላቸዋል። ወፎቹ ትራክተርን ከመልመዳቸው የተነሣ ጎብኚዎች በትራክተር በሚጎተት ተሳቢ ውስጥ ተቀምጠው በመካከላቸው ያልፋሉ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ እኔም እህል ገዝቼ መበተኑ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ማረስ ሁሉ ቀርቶ። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 መጨረሻ በዚያው ሸለቆ የገባ የወፍ ጉንፋን ከ5,000 በላይ ክሬኖችን ገደለ። ብዙ ወፍ በአንድ ቦታ ሲታጨቅ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ይቀለዋል። ስለዚህ በአንድ ስፍራ የተከመረ እህል ሳይሆን በሰፊው ተበትኖ በእግሩ የቆመ፣ ወፉ እየዞረ የሚለቅመው ሰብል እንደሚሻል ወሰንኩ። ያም ማለት ወደ ማረሻ መመለስ ነው።

ማረሻውን የሚመርጠው ደግሞ አፈሩ ነው። የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። በሚያዝያ ስንጥቁ ውስጥ ክንድ ይገባል፤ በሐምሌ ደግሞ ያው መሬት ጫማን ከእግር ያወልቃል። ይህ ጠባይ የሚመጣው ውኃ በጠጣ ቁጥር ከሚሰፋ የሸክላ ዓይነት ነው። ዋልካ ደረቅ ሳለ ቢያርሱት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጓል ይገነጠላል፤ እርጥብ ሳለ ቢያርሱት ማረሻው ያልፋል እንጂ አፈሩ አይፈርስም፣ እንደ ሳሙና ይለሰናል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንዳንድ ዓመት ከአሥር ቀን አይበልጥም። ለመለየት ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጥቶ በመዳፍ መካከል ማሸት ነው። እንደ ክር ቀጥኖ ሳይቆረጥ ከተጠቀለለ ገና ነው፤ ሊጠቀለል ሲል ከተሰባበረ ደርሷል። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። ወንድሜ ድንበሩ ላይ ቆሞ ተረከዙን ሁለት ጊዜ መሬቱ ላይ ይጫንና ‹‹ነገ ይቆየን›› ይላል፤ በእጄ አሽቼ ያገኘሁት መልስ ከእርሱ ተረከዝ የተለየበትን ቀን አላስታውስም።

ትራክተሩ የሰመጠው እንግዲህ ትራክተር መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ባለ 90 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ከነማረሻው አራት ቶን ይጠጋል፤ አንድ ጥንድ የፎገራ በሬ ደግሞ ተደምሮ ቶን አይሞላም። ትራክተር ማረሻን በሦስት ነጥብ ተሸክሞ እንዲሄድ የሚያደርገው፣ ሃሪ ፈርጉሰን በፈረንጆች 1926 የባለቤትነት መብት ያወጣለት ማያያዣ ትልቁ ብልሃቱ የማረሻውን ጫና ወደ ኋላ ጎማ ማስተላለፉ ነው፤ ማረሻው በከበደ ቁጥር ጎማው መሬቱን ይበልጥ ይቆነጥጣል። በጠና መሬት ላይ ይህ በረከት ነው። በሐምሌ ዋልካ ላይ ግን ያው ጫና ጎማውን ወደ ታች ይሸኘዋል፤ ሹፌሩ ማረሻውን ባጠለቀ ቁጥር እየሰመጠ የሄደውም ለዚህ ነው። ከዚያም በላይ ከባድ ጎማ ያለፈበት እርጥብ አፈር ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ይጠቀጠቃል። ዋልካ በየበጋው እየተሰነጠቀ ራሱን በራሱ የሚያላላ አፈር መሆኑ ትንሽ ያጽናናል፤ ሆኖም የዚያ ቀን የጎማ ዱካ ዓምናም ሩዙ ውስጥ ቢጫ መስመር ሆኖ ይታይ ነበር።

ክብደቱ ይቅርና ሒሳቡም አያዋጣም ነበር፤ ሙያዬ ሆኖ ሳለ አስቀድሜ አለማስላቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የእኔ ጥማድ 25 ሜትር በ100 ሜትር ናት። አንድ ሜትር ስፋት የሚያርስ ማረሻ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በሰዓት 6,000 ካሬ ሜትር ያርሳል፤ እንግዲህ የእኔ 2,500 ካሬ ሜትር ከነመዞሪያው ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ሥራ አይደለም። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ትራክተሩ ከከተማ ተነሥቶ፣ ናፍጣ አቃጥሎ፣ የጎረቤትን ድንበር ረግጦ መምጣት ነበረበት። ለመዞር ደግሞ በእያንዳንዱ ጫፍ ስድስት ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ከመቶ ሜትር ላይ አሥራ ሁለቱ ዞሮ ለመመለሻ ብቻ ይረገጣል ማለት ነው። ባለ 12 ፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ስልሳ ሳንቲ ሜትር እያረሰ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሄድ 1,200 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ጥማዷን ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ፣ ከነዕረፍቱ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ክብደቱ ከነዕቃው ግማሽ ቶን አይሞላም፤ ሰውየው ከኋላ በእግሩ ስለሚሄድ በራሱ ርዝመት ይዞራል፤ ቢሰምጥ ደግሞ አራት ጎረምሳ ያወጣዋል። ዓምና መስከረም ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያገለገለ ገዛን። ቺንጋው አርጅቶ ነበር፤ ጠዋት ጤዛ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ከዚያ በቀር እስካሁን አላስቀየመንም።

ሁለተኛው ስሕተቴ የመጣው ከዚሁ ትንሽ ትራክተር ጋር ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ያስተማረኝ ይበልጣል። ትራክተሩ የመጣው ከሮታቬተር ጋር ነው፤ በሞተሩ ኃይል የሚሽከረከሩ የታጠፉ ቢላዎች ያሉት፣ አፈሩን እየከተፈ የሚያልፍ ዕቃ። አንድ ጊዜ አልፎ እንደ ዱቄት የላመ መሬት ሲተው ላየ ሰው በሬ አምስት ጊዜ ተመላልሶ የሚሠራውን በአንዴ የጨረሰ ይመስላል። ዓምና ጥቅምት ላይ ሽምብራውን በእጃችን በትነን በላዩ ሮታቬተር አስኬድንበት። መሬቱ አማረ፤ ፎቶ ሁሉ አንስቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቡቃያው እዚህም እዚያም ብቅ አለ እንጂ ማሳው አልሞላም። ወንድሜ በዶማ አንድ ቦታ ከፍቶ አሳየኝ። ቢላዎቹ ዘሩን ከአፈር ጋር ስላማሰሉት አንዱ ፍሬ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ታፍኗል፤ ሌላው ከላይ ቀርቷል፤ በትክክለኛው ጥልቀት ያረፈው ሲሶው አይሆንም። ከዚያ በታች ደግሞ ቢላው እየደጋገመ ያለፈበት ወለል እንደ ተለሰነ ግድግዳ ያብረቀርቅ ነበር፤ የበቀለውም ሽምብራ ሥሩ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፏል። ከላይ የቀረውን ዘር ክሬኖቹ በሁለት ጠዋት ለቀሙት። ግብዣው የተጠራው ለጥር ነበር፤ እነርሱ በጥቅምት በሉት።

ሮታቬተሩን ግን አልጣልነውም፤ በውኃ ለሚያድር ሩዝ ከእርሱ የተሻለ ዕቃ የለም። ሩዝ የሚፈልገው ያንኑ የተለሰነ ወለል ነው፤ ውኃ እንዳይሰርግ የሚይዘው እርሱ ነውና። የጎማ ጎማውን በብረት ጎማ ቀይረን በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ስናስገባው፣ ያ ትልቁ ትራክተር የሰመጠበትን ቦታ እየዋኘ አለፈው። ለሽምብራ የምንፈልገው ግን ሌላ ነው። ሽምብራ በፎገራ የሚበቅለው ክረምቱ ትቶለት በሄደው እርጥበት ነው፤ ዘሩ ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ወርዶ እርጥቡን ማግኘት አለበት፤ ውኃ ከቆመበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው አፈሩን የሚከትፍ ሳይሆን ከፍ ያለ መደብ እያወጣ፣ በመካከሉ ቦይ እየተወ የሚሄድ ማረሻ ነው።

ይህን በሬ ሲሠራው ቆይቷል። በፈረንጆች 1980ዎቹ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ለዋልካ መሬት ሰፊ መደብ የሚያወጣ ዕቃ ሠርቶ ነበር። ዕቃው ሁለት ተራ ማረሻዎች ጎን ለጎን ተያይዘው፣ በመካከላቸው ክንፍ ገብቶላቸው፣ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና አርባ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ የሚተዉ ነበሩ። እኔም ያን አሳብ ይዤ ባሕር ዳር አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ብየዳ ሠሪው ወጣት ነው፤ ሥዕሌን አየና፣ ‹‹ይህ የሒሳብ ሠራተኛ ሥዕል ነው፤ ማረሻውን ራሱን አምጣልኝ›› አለኝ። በማግሥቱ የወንድሜን ወገል ከነድግሩ በከረጢት ጠቅልዬ በታክሲ አመጣሁለት። ድግሩን፣ አፈሩን ወደ ጎን የሚገፋውን የእንጨት ክንፍ፣ በጣቱ ዳሰሰው፤ አፈር አልፎበት የለሰለሰበትንና ያልለሰለሰበትን ለይቶ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ በዚያው ጥምዝ ልክ በመዶሻ አጠፈው። ሁለቱን ማረሻዎች በአንድ የብረት አግዳሚ ላይ ሲያስራቸው በብየዳ አላጣበቃቸውም፤ በአግዳሚው ላይ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ በስቶ፣ በ17 ቁልፍ በሚፈታ ቡሎን አሰራቸው። ‹‹ለምን?›› ስለው፣ ‹‹አንተ ስፋቱን ገና አታውቀውም›› አለኝ። እውነቱን ነበር። መጀመሪያ ያሰርንበት ስፋት ለባለ ሁለት ጎማው ከበደው፤ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስንስበው ነው ሞተሩ ማቃሰቱን ያቆመው።

ስለ ዘር መዝሪያ ማሽን ብዙ አልልም። የዘሩን ብዛትና ጥልቀት የሚጠብቁ ጥሩ ጥሩ ማሽኖች አሉ፤ ለሃያ አምስት ሜትር ስፋት ግን ከቦዩ ጎን እየተራመደች ሽምብራውን በሁለት መስመር የምትጥል የወንድሜ ልጅ ትበቃለች፤ ለማልበሻም ከትራክተሩ ኋላ የታሰረ የግራር ቅርንጫፍ የፈረንጆቹን ሮለር ተክቶልናል። እርጥብ ዋልካን በሮለር መጫን እንዲያውም ስሕተት ነው፤ ገጹ ደርቆ እንደ ሸክላ ሰሌዳ ይዘጋል። ስለ ዘሩ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። በመድኃኒት የታሸ፣ ቀለም የተቀባ ዘር ለእንዲህ ያለ ማሳ ፈጽሞ አይሆንም፤ ክሬን የተዘራውን ቆፍሮ እንደሚበላ እያወቁ መርዝ ያለበትን ዘር መቅበር ወጥመድ መጥመድ ነው። ከወንድሜ ጎተራ የወጣ፣ ያልታሸ ዘር ነው የተጠቀምነው፤ እንደሚበላ ስለምናውቅ ደግሞ ከተለመደው ሩብ ያህል ጨመርንበት።

የጥማዷን ግማሽ በሩዝ ማድረጋችን የመጣው የቀን መቁጠሪያ ስንመለከት ነው። ክሬኖቹ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ሲደርሱ ጎረቤቱ ሽምብራ እየዘራ ነው፤ የእኔ ሽምብራ ፍሬ የሚይዘው ግን በጥር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ክፍተት የሚሞላ ካልተገኘ የእኔ ማሳ ለጎረቤቱ የሚያተርፍለት ነገር የለም። ስለዚህ ዓምና ሐምሌ በአምሳ ሜትሩ ላይ ኤክስ ጅግና የሚባለውን የአካባቢያችንን ሩዝ ዘራን፤ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሲደርስ ወንድሜ ሁለት ሦስተኛውን አጭዶ ነዶውን ወሰደ፤ ሲሶው በእግሩ ቆሞ ቀረ፤ በታጨደውም ውስጥ ቃርሚያው አልተለቀመም። ከመታጨዱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ደግሞ ወንድሜ ያለ ማንም ምክር ጓያ በእፍኙ እየዘገነ በቆመው ሩዝ ውስጥ ጭቃው ላይ በተነ። ማረሻ የለ፣ ትራክተር የለ፣ ቢላ የለ። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው ጣት ያህል ወጥቶ ነበር። ጓያን ሰው አዘውትሮ ቢመገበው እግርን እንደሚያሽመደምድ በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ ወንድሜ ለቤቱ የማይወደውን እህል ለወፍ ሲዘራ ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት እፎይታ አይቻለሁ። እኔ ግን የቆጨኝ ሌላ ነበር፤ ከመላ ጥማዷ ያለ አንዳች መሣሪያ የተዘራው ክፍል ከሁሉ ይበልጥ አምሮ መብቀሉ።

ለዳር ዳሩ ኑግ መረጥን። ኑግ ውኃ የቆመበትን መሬት ይታገሣል፤ ከብት ደግሞ አይወደውም፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የኑግ ቀለበት አጥር ሆኖ ያገለግላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ አበባው የንብ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም፤ ትራክተሩ መሬቱን አንዴ ከቧጨረው በቂ ነው። ያልተዘጋጀንበት ግን ጉማሬ ነበር። በእግሩ የቆመ ሩዝ ውኃ ዳር ካለ ሌሊት ሌሊት ከጣና የሚወጣውን እንግዳ መጥራት ነው፤ አንድ ሌሊት መጥቶ በኑጉ ቀለበት ውስጥ በር የሚያህል ቀዳዳ ከፍቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቆመውን ሩዝ ከውኃው በኩል ሳይሆን ከአስፋልቱ በኩል ማድረግ እንደሚገባን ገባን። ከርሞ ይህን እናዛውረዋለን።

ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደስ አላቸው ብል እዋሻለሁ። አንዱ፣ በስተሰሜን የሚያዋስነን ሽማግሌ፣ ‹‹የእናንተ ድግስ ያልተጠራውንም ወፍ እየሰበሰበ እኔ ላይ ያራግፈዋል›› ብለው ወንድሜን በዕድር ቤት ከስሰውታል። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሽምብራቸውን ሁለት ጊዜ ደግመው ለመዝራት ተገድደዋል። ወንድሜ ትራክተሩን በነፃ አምጥቶ መደብ አወጣላቸው፤ የዘሩንም ግማሽ እኔ ሸፈንኩ። የሁለተኛው ዘር ጠልቆ ስለተዘራ ወይም ወፎቹ በዚያን ጊዜ ወደ ሩዙ ስለዞሩ፣ ከሁለት አንዱ፣ አልተነካባቸውም። እርሳቸው ምክንያቱ ማረሻው ነው ይላሉ። እኔ ሩዙ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ገና አልተስማማንም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጥር ሲጋመስ፣ ሌሊቱን ከባሕር ዳር ተነሥቼ ጎሕ ሳይቀድ ማሳው ደረስኩ። ጭጋጉ ሳይገለጥ ድምፃቸው መጣ፤ ከዚያ በሃያ በሠላሳ ሆነው በሽምብራው መደብ ላይ ወረዱ፤ በቦዩ ውስጥ እየተራመዱ እሸቱን ከግራና ከቀኝ ይለቅሙ ጀመር። ቦዩ አርባ ሳንቲ ሜትር የሆነው ለውኃ ተብሎ ነበር፤ ለክሬን እግርም ልክ ሆኖ ተገኘ። ከኑጉ ጥግ ሁለት የሰፈር ልጆች በሆዳቸው ተኝተው እንደ ወፎቹ እሸት ይጠረጥሩ ነበር፤ አላባረርኳቸውም። ወንድሜ ከኋላ በኩል ባለ ሁለት ጎማውን አስነሥቶ የሩዝ ገለባ የጫነ ተሳቢ እየጎተተ መጣ። ወፎቹ አንገታቸውን በአንድነት ቀና አደረጉ፤ ሞተሩን ለየት አድርገው እንደሚያውቁት ሁሉ ወዲያው መልሰው አቀረቀሩ። ወንድሜ አጠገቤ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ጎንበስ ብሎ የማረሻውን አግዳሚ ነካካና፣ ‹‹ለዚያ ብየዳ ሠሪ ልጅ ንገረው›› አለኝ፣ ‹‹ሁለቱም ቡሎኖች ላልተዋል። እርፉንም በአራት ጣት ያርዝምልኝ፤ ወገቤን ጨረሰው።››